የመስጂዳችንን ጭቃ ነገ ማን ያቦካዋል?



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ጭቃ ነው። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ዐፉ በሉን፤ ቡናው እስኪፈላ ታደርሱታላችሁ ኢንሻአላህ።

እኛ የምናገለግልበት መስጂድ አሮጌ ነው። የጥድ ቋሚዎቹን ያቆሙት የአያቶቻችን አባቶች ናቸው። ግድግዳው ማገር ተመትቶበት በጤፍ ጭድ በቦካ ጭቃ ተመርጓል፤ ላዩ ደግሞ በተነፋ ነጭ አፈር ተለስኗል። እበት አልገባበትም። የአካባቢያችን ሰው ቤቱን በእበት ይለስናል፤ ለመስጂዱ ግን አባቶቻችን በሻፊዒ መዝሀብ እበት ነጃሳ መሆኑን ስለሚያውቁ ሌላ መላ ፈለጉ። ኪታብ የቀራውና ጭቃ የሚያቦካው ሰው ቁጭ ብለው ተማክረው ያወጡት መላ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድማችን፣ አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለው፣ ለመስጂዱ እድሳት ገንዘብ ሰጠ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ተቋራጭ ተቀጠረ። በአሥር ቀን ውስጥ ጭቃው ላይ ሽቦ ተወጠረ፣ ሲሚንቶ ተለሰነ፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ተቀባ። እኛም ማሻአላህ አልን፤ ፎቶውንም ለጠፍን። ሁለት ክረምት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ከሚሕራቡ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ሆዱ ተነፋ። አንድ ትንሽ ደረሳ በጣቱ ሲነካው ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ፤ ከኋላው የነበረው ጭቃ ከታች እርጥብ፣ ከላይ ዱቄት ሆኖ ነበር። የጥድ ቋሚው እግርም በስብሷል። መቶ ዓመት ግድም የቆመ ጥድ በሦስት ክረምት ማለት ነው!

ምን ሆኖ ነው? የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፤ የገባው ግን መውጫ የለውም። ውሃው ውስጥ ለውስጥ ይወርድና እግሩን ይበላዋል። ይህ የእኛ መስጂድ ብቻ ችግር አይደለም፤ በጭቃ የተሠራ ቅርስ ባለበት አገር ሁሉ ጥገና የሚያውቁ ሰዎች የሚያስጠነቅቁት ነገር ነው። እኛ ግን አልሰማንም ነበር። ተቋራጩም ቢሆን በደለኛ አይደለም። የተማረውን ነው የሠራው። ጥያቄው የተማረው ምን ነበር የሚለው ነው።

ግድግዳው ከወደቀ በኋላ የጠራናቸው በሰፈራችን የቀሩትን አንድ አዛውንት አናጢ ነው። ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። በከዘራቸው ሲሚንቶውን ኳ ኳ አደረጉና፣ "ልጆቼ፣ ጋቢ ለባሹን ላስቲክ አለበሳችሁት እኮ" አሉን። ከዚያ ስለ ጭቃ አወሩን። አፈሩ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚወጣ፣ ተረግጦ ስንት ቀን ተሸፍኖ እንደሚተኛ፣ ሲደርስ ሽታው እንዴት እንደሚለወጥ ነገሩን። ጭቃ በመዳፍ አድቦልቡለው ከወገብ ከፍታ ጣሉት፤ ከተበተነ ጭድ ይጎድለዋል፣ ከተንጣለለ ውሃ በዝቶበታል አሉ። አፈሩንም በጥርሳቸው ቆረጠም አድርገው የአሸዋውን ልክ ይለዩ ነበር። እኛ ቆመን ሳቅን። አንዳችንም አልጻፍነውም፤ ስልካችን ኪሳችን ውስጥ እያለ አንዳችንም አልቀረጽነውም። ባለፈው ረመዷን ወደ አኼራ ሄዱ፣ አላህ ይማራቸው። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል።

እኛ መድረሳ ያደግን ሰዎች ይህ እንዴት እንዳመለጠን ስናስበው ያሳፍረናል። ምክንያቱም ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ደረሳው ሸኹ ፊት ይቀመጣል፣ ያነባል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። ዓመታት አልፈው ሸኹ "በቃህ፣ አንተም አስቀራ" ሲሉት ኢጃዛ ይሆነዋል፤ ሰነዱም ከእሳቸው ወደ ሸኻቸው፣ ከዚያም ወደ ላይ ይቀጥላል። ከወረቀት ብቻ የተማረን ሰው ዑለማዎቹ "ሱሑፊ" ይሉታል፤ ሙገሳ አይደለም። ያ አዛውንትም ሰነድ ነበራቸው። ከአባታቸው፣ አባታቸው ከአጎታቸው። እኛ የቡኻሪን ሰነድ በቃላችን ስንይዝ የእሳቸው እዚያው ደጃችን ላይ ተቆረጠ።

ሙያው በዲናችን ቦታ የለውም እንዳይባል ደግሞ የመዲናን መስጂድ እናስታውስ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሲሠራ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር፤ እርሳቸውም ከሶሓቦች ጋር ጡብ ተሸክመዋል። ብዙዎቻችን የማናነሳው ግን የጦልቅ ኢብኑ ዐሊይ ወሬ ነው። ጦልቅ የመዲና ሰው አይደለም፤ ከየማማ፣ ከበኑ ሐኒፋ የመጣ እንግዳ ነው። ጭቃ ማቡካት ያውቅበት ነበር። ሶሓቦች ሲሠሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የእንግዳውን እጅ አዩና ጭቃው ከሁላችሁም የተሻለ ለሚያውቅበት ለየማማው ሰው እንዲተውለት ማዘዛቸው በኢማም አሕመድ ሙስነድና በሌሎችም ተዘግቧል። እስቲ አስቡት! የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ጡብ ተሸካሚ ሞልቷል፣ ሆኖም ሥራው ለሚያውቀው ተሰጠ። የተለያዩ ሕዝቦች የሙያ ልውውጥ የሚባለው ዛሬ በየጉባኤው የሚወራው ነገር በመስጂደ ነበዊ ግንባታ ላይ ጭቃ ሲረገጥ ታይቷል።

ወደ እኛ አገር የሚቀርብ ሌላም አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገና ወሕይ ሳይወርድላቸው ቁረይሾች ካዕባን እንደገና ሲሠሩ፣ በባሕር ዳርቻ ከተሰበረ መርከብ የተገኘ እንጨት መጠቀማቸውንና ባቁም የሚባል የውጭ አገር አናጢ እንደነበረ የታሪክ ኪታቦች ይጠቅሳሉ። አል-አዝረቂ በመካ ታሪኩ ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረበ እንደተሠራ ዘግቧል። ይህ አሠራር ለሐበሻ ዓይን እንግዳ አይደለም፤ ደብረ ዳሞ ወይም ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ያውቀዋል። የእስልምና ኪነ ሕንፃን ታሪክ የጻፈው እንግሊዛዊው ክሬስዌል እ.ኤ.አ. በ1951 ይህንኑ ይዞ፣ የካዕባው አሠራር የአክሱም ነው፣ ባቁም የሚለውም ዕንባቆም ከሚለው የሐበሻ ስም የመጣ ነው ብሎ ጽፏል። ሌሎች ሩማዊ ነው ይላሉ፣ ቂብጥ የሚሉም አሉ። ዐቂዳ አይደለምና አንጣላበትም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቀይ ባሕርን የሚሻገረው እጣንና ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሙያና ባለሙያም ይሻገር ነበር።

ወደ ጎንደርም ብንሄድ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ኢማም ወደ ዐፄ ፋሲል ተልኮ የመጣው ሐሰን ኢብኑ አሕመድ አል-ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ አሠሪው ሕንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ጽፏል። ሕንዳዊው ብቻውን ሠርቶ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ጎንደር አንድ ግንብ ብቻ ይኖራት ነበር። የአገሬው እጅ ግን ኖራውንና ድንጋዩን ስለለመደ ከፋሲል በኋላ ከነገሡትም ብዙዎቹ እዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን አስገነቡ።

አሁን ኮሌጆቻችንን እንይ። በከተማችን ወዳለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደን የግንባታ ክፍሉን አስተማሪ አነጋገርናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ በደንብ ተቀበሉን። ተማሪው ብሎኬት መደርደር፣ ፌሮ ማጠፍ፣ ፎርምወርክ መግጠም፣ በሲሚንቶ መለሰን ይማራል። ስለ ጭቃ፣ ስለ ኖራ፣ በጭቃ ስለሚጣበቅ ድንጋይ፣ ጣሪያ ሳይነሳ የበሰበሰ ቋሚ ስለ መቀየር የሚማረው የለም። "የሙያ ደረጃ ካልወጣለት እኛ ማስተማር አንችልም" አሉን። አሮጌውን አስተምሩልን ብንላቸው አስተማሪውን ከየት እናመጣለን ብለው ጠየቁን። መልሱ ከኪሳችን ወጥቶ የተቀበረ ሰው ነበርና ዝም አልን።

ይህ ግን የእኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን የምትባል በአሮጌ ቤቶቿ የታወቀች ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁጎ የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት ገንዘብ አልጠፋም፣ የጠፋው እጅ ነበር። የቀድሞውን ልስን የሚለስን፣ የቀድሞውን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በበቂ አልተገኘም። ከዚያ ድንጋጤ የተነሳ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ዛሬ ድንጋይ መጥረብ፣ አናጢነት፣ ልስን፣ ቀጥቃጭነት እያስተማረ በዲግሪ ያስመርቃል። እዚያ ባለዲግሪ ቀጥቃጭ አለ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ቀጥቃጩን "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እያልን አባረርነው፤ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋንም ናቅን። ከእኛ ከሙስሊሞቹም ንጹሕ ነኝ የሚል ካለ ይነሳ። ኑሕ (ዐ.ሰ) መርከብ ሠሩ፣ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር ሠሩ፣ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ እያልን ሚንበር ላይ እናወራለን፤ ልጃችን አናጢ እሆናለሁ ሲል ግን ፊታችን ይጠቁራል። የዚያ አዛውንት ልጅ ባጃጅ የነዳው ጭቃ ስለጠላ ብቻ አይደለም፤ እኛ ጭቃ ሠሪን ስላላከበርን ነው።

ወደ ልውውጡ ስንመለስ፣ መልካም ሆኖ ያየነው አንድ ምሳሌ የግብፃዊው መሐንዲስ የሐሰን ፈትሒ ነው። ፈትሒ ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አስዋን አካባቢ የኑቢያ ግንበኞች ያለ አንዳች የእንጨት ድጋፍ በጭቃ ጡብ ቅስት ጣሪያ ሲሠሩ አየና ተማሪያቸው ሆነ። ከዚያም በሉቅሶር ማዶ አዲስ ጉርና የሚባል መንደር በጭቃ ሠራ፤ መስጂዱ ዛሬም አለ። መንደሩ ግን አልሰመረም። የጉርና ሰዎች መንግሥት ከቀያቸው ሊያነሳቸው ስለፈለገ እምቢ አሉ፣ አብዛኞቹም አልገቡበትም። ይህን የምንነግራችሁ ደብቀን እንዳናሞግስ ነው። የቱንም ያህል ሙያው ያማረ ቢሆን የሚኖርበት ሰው ካልተጠየቀ ባዶ ቤት ይሆናል።

ፈትሒ ግን ከዓመታት በኋላ፣ ሰማንያ ዓመት ሆኖት፣ ሁለት የኑቢያ ግንበኞችን ይዞ ወደ አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ አቢኪው ወደምትባል ቦታ ሄደ። የዚያ የሙስሊም ማኅበረሰብ ዳሩል ኢስላም የተባለውን መስጂድና መድረሳ ሊሠራ ነበር። ሁለቱ ግንበኞች ቅስቱንና ጉልላቱን በእጃቸው እየሠሩ አሜሪካኖቹን አስተማሩ። የሚገርመው ኒው ሜክሲኮ ራሷ የጭቃ ጡብ አገር መሆኗ ነው። ነባር ሕዝቦቿ ከጥንት በጭቃ ይሠራሉ፤ ስፔኖች ደግሞ "አዶቤ" የሚለውን ቃል ይዘው ሄደዋል። አዶቤ የመጣው ከዐረብኛው "አጥ-ጡብ" ነው፤ የእኛም "ጡብ" የዚያው ዘመድ ነው። ቃሉ ከዓባይ ተነስቶ፣ በአንዳሉስ አልፎ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚያ ቆየ፤ ግንበኞቹ በዘመናት በኋላ ተከትለውት ደረሱ። በዚያው ግዛት በሳንታ ፌ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የአዶቤ ግንባታ ኮርስ ይሰጣል። በሀብታም አገር፣ በኮሌጅ፣ ጭቃ ይማራሉ፤ እኛ ግን ጭቃ የድህነት ምልክት ነው እንላለን።

ከዚህ ጋር በየከተማችን የምናየውን አነጻጽሩት። ገንዘብ ከውጭ ይመጣል፣ ፕላኑም አብሮ ይመጣል። ፕላኑ የተሣለበት አገር በረዶ ይኑረው፣ በረሓ ይሁን ማንም አይጠይቅም። ጉልላቱ ተቆርጦ የተገጠመ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲዘንብ ኹጥባ አያሰማም፣ በጋ ሲሆን ያጋግላል። ሥራው አልቆ ሪባን ሲቆረጥ በሰፈሩ አንድ ወጣት አንድ ሙያ አልተማረም። ሰጪዎቹን እያማን አይደለም፤ ሶደቃቸውን አላህ ይቀበል። እኛ ግን ስንቀበል "ከእናንተ ባለሙያዎች ጋር አምስት ልጆቻችን አብረው ይሥሩ፣ ይማሩ" ብለን ቅድመ ሁኔታ ማቅረብ ነውር ይመስለናል። ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በጦርነቱ የነጃሺ መስጂድ ሲጎዳ ሁላችንም አለቀስን። ያኔ እያንዳንዳችን ማን ያሠራዋል ብለን እንጂ በማን እጅ ይሠራል ብለን አልጠየቅንም።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ከኮሚቴያችን ውስጥም አለ፣ ንግግራቸውም ሚዛን አለው። ምስጥ አለ። ጀመዓው በዝቷል፣ በጁሙዓ ሰው ፀሐይ ላይ ይሰግዳል። የሴቶች መስገጃ ጠባብ ነው፤ እህቶቻችን ክረምት ክረምት ከቤት የሚቀሩት በዚህ ነው፣ ይህም ከየትኛውም የጥድ ቋሚ በላይ ያሳስበናል። ጭቃ በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። እውነት ነው። በማሊ የጄኔ ታላቁ መስጂድ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የጭቃ መስጂድ ነው፤ ከተማው በየዓመቱ ወጥቶ ይለስነዋል። ወጣቱ ጭቃ ያመላልሳል፣ የግንበኞቹ ማኅበር አዛውንቶች ደግሞ ይመራሉ። ከግድግዳው ወጥተው የሚታዩት እንጨቶች ለውበት ብቻ አይደሉም፤ ለሳሹ የሚቆምባቸው መወጣጫ ናቸው። ድካም ነው። ግን ሙያው እስከ ዛሬ ያልጠፋው ያ ድካም በየዓመቱ ስለሚመለስ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሁሉ ይቀመጥ አንልም። አዲስ መስገጃ ከጎኑ በብሎኬት ይሠራ፣ እኛም እንሸከማለን። አሮጌው ግን ጥገና የሚያውቅ ሰው ሳያየው በአንድ ስብሰባ አይፍረስ።

ኮሌጁን የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ለግንባታ ተማሪዎች የሦስት ወር አጭር ኮርስ ነው። አስተማሪው ዲፕሎማ ባይኖረውም ለሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰው ሲኦሲ ለሚለው፣ በሥራው እንዲቀርብ መንገድ ይከፈት። ኢጃዛ ማለት እኮ ይኸው ነው። ልውውጡም ከአውሮፕላን በፊት በአውቶቡስ ይጀመር። በሐረር ጁገል ውስጥ 82 መስጂዶች አሉ፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ከቤቶቿ አሠራር ጋር ነው። የእኛ ልጆች የሐረርን የድንጋይ አሠራር ቢያዩ፣ የእነሱ ደግሞ የእኛን ማገርና ምርግ ቢያዩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የቤተ ክርስቲያን ጥገና ላይ የሠሩ ክርስቲያን ግንበኞችም በከተማችን አሉ፤ ኖራ እንዴት እንደሚቀልጥ ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ። ከእነሱ መማር የሚከብደው ካለ የየማማውን እንግዳ ያስታውስ። ሲማሩ ግን ዝም ብሎ መገልበጥ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ያዙልን ያልናችሁ የእበት ነገር እዚህ ትመጣለች፦ ሌላ ቦታ ጥሩ የሆነ ልስን እኛ መስጂድ ላይ ነጃሳ ሊሆን ይችላል። ኮርሱ ሲዘጋጅ ፊቅህ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ የምንለው ለዚህ ነው።

ኮሚቴው የማፍረሱን ውሳኔ እስከ ግንቦት መጨረሻ አቆይቶልናል፣ አላህ ይስጣቸው። ከዚያ በኋላ ክረምት ነው። የአዛውንቱን ልጅ አነጋግረነዋል። መጀመሪያ "እኔ ምን አውቃለሁ?" አለን። ልጅ ሳለ አባቱ ሲያቦኩ ውሃ የሚያመላልሰው እሱ ነበርና ስንጠይቀው አፈር የሚወጣበትን ጉድጓድ አስታወሰ። ባለፈው እሑድ ባጃጁን አቁሞ አብሮን ወረደ፤ ሁለት ጆንያ አወጣን፣ ረገጥነው፣ በኬሻ ሸፍነን ከዉዱእ ቤቱ ጀርባ አስቀመጥነው። የጭዱ ልክ ግን አልያዘልንም፤ ለሙከራ የመረግናት ትንሽ ግድግዳ በሁለተኛው ቀን ተሰነጣጥቃለች። በደሴ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በየትም ይሁን፣ ጭቃ ያቦኩ የነበሩ ወይም ጣሪያ ሳያነሱ ቋሚ መቀየር የሚችሉ አባት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አገናኙን። የመጓጓዣውንና የማረፊያውን ወጪ መስጂዱ ይችላል።